አትሮፒን፣ ሙቀትና የወታደር ጭንቅላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ባለው ፋርማሲያችን፣ ፈቃድ ጨርሰው ወደ ቆላ የሚመለሱ ወታደሮች፣ እናቶቻቸውና የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

አትሮፒን ምንድን ነው?

የሕፃናት ዓይን ሲመረመር የሚንጠባጠብ፣ ብሌኑን አስፍቶ ለቀናት የሚያቆይ ጠብታ አለ። እሱ አትሮፒን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ የልብ ምት ከመጠን በላይ ሲዘገይ፣ ወይም ፀረ ተባይ የጠጣ ሰው ሲመጣ በመርፌ ይሰጣል። አሮጌ መድኃኒት ነው። ለፀረ ተባይ መርዝ ግን ዛሬም ከፊት የሚሰለፈው እሱ ነው።

መነሻው ዕፅዋት ናቸው። አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚሁ ሰፈር ግንባታ በቆመበት ባዶ መሬትና ቆሻሻ በሚጣልበት ዳር ይበቅላል። አበባው ነጭ ነው፣ እንደ መለከት የተከፈተ። ፍሬው እሾሃም ነው። አስተናግር ይሉታል፣ አንዳንዱም አጤ ፋሪስ ይለዋል። ውስጡ አትሮፒንና የቅርብ ዘመዶቹ አሉ። ስሙን ያወጣለት ሰው ፋርማኮሎጂ አልተማረም። የቀመሰው ሰው ምን እንደሚሆን ግን በዓይኑ አይቷል፤ ያስለፈልፋል።

ወታደርን ከአትሮፒን ጋር ምን አገናኘው?

የነርቭ መርዝ። ሰውነታችን ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባል የነርቭ መልእክተኛ አለ። መልእክቱን ካደረሰ በኋላ የሚያስወግደው ኢንዛይም አለ። ሳሪንና መሰሎቹ ይህን ኢንዛይም ያስሩታል። መልእክተኛው ይጠራቀማል፤ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብና አክታ ይጎርፋሉ። ሰውየው በደረቅ መሬት ላይ ይሰጥማል ማለት ይቻላል። አትሮፒን መልእክተኛው የሚያንኳኳውን በር ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ ሳሪን ሲለቀቅ ሐኪሞች የተጠቀሙት ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው የነርቭ መርዝ የሚፈራ ጦር ወታደሩን ጭን ላይ የሚሰካ መርፌ የሚያስታጥቀው። የታወቀው መጠን 2 ሚሊግራም አትሮፒን ነው፤ አብሮት 600 ሚሊግራም ፕራሊዶክሲም የሚባል ሌላ ማርከሻ አለ።

አንድ አባባ በቅርቡ «ጣሊያን ያዘነበብንን መርዝ ያድን ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አያድንም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የተረጨው በዋናነት የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ቆዳ፣ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል እንጂ የነርቭ መርዝ አይደለም። አትሮፒን ቢኖርም በዚያ ላይ አይሠራም።

ላብን እንዴት ያደርቃል? ቢያደርቅስ ምን ይሆናል?

ለላብ ዕጢ «አውጣ» የሚለውን ትእዛዝ የሚያደርሰው ያው አሴቲልኮሊን ነው። አትሮፒን ሲገባ ትእዛዙ ዕጢው ጋ አይደርስም። ቆዳ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ይግላል።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በአፍ ከማስረዳ ማሳየት ይቀለኛል። ጥጥ ላይ አልኮል አደርግና የጠያቂውን የእጅ ጀርባ እቀባለሁ። «ቀዘቀዘህ?» «አዎ።» «በል እፍ በልበት።» እፍ ሲልበት ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል። አልኮሉ ሲተን ከቆዳው ሙቀት ሰርቆ ስለሚሄድ ነው። ላብም ሥራው ይኸው ነው። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይወጣል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አየሩ ከቆዳችን ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ብቻ ያበርደናል። አፋር ላይ አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ግን ነፋሱ ራሱ ያሞቃል። ያኔ ለሰውነት የቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው። አትሮፒን የሚዘጋው ያንኑ ነው።

ጭንቅላት ላይስ ምን ያደርጋል?

አሴቲልኮሊን አንጎል ውስጥም ሥራ አለው። ትኩረትና አዲስ ነገር መያዝ ያለ እሱ አይሆኑም። አትሮፒን ደግሞ አንጎል ድረስ ይገባል። መርዝ ያልነካው ጤነኛ ሰው 2 ሚሊግራም ቢወጋ መጀመሪያ አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይደልቃል። ቀጥሎ ዓይኑ ነው። ሩቁን ያያል፣ እጁ ላይ ያለው ግን ይደበዝዝበታል። ካርታ፣ የሬዲዮ ቁጥር፣ የስልክ መልእክት፣ የመድኃኒት ጽሑፍ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። በትክክል ስንናገር ይሄ የአእምሮ ሳይሆን የዓይን ችግር ነው። ቁጥሩን አሳስቶ ላነበበ የሬዲዮ ሠራተኛ ግን ልዩነቱ ምን ይጠቅመዋል?

መጠኑ ሲጨምር ነገሩ ይከፋል። 10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲደርስ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። እ.ኤ.አ. በ1676 ቨርጂኒያ ውስጥ ጀምስታውን የተላኩ የእንግሊዝ ወታደሮች የአስተናግርን ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በሉ። ለ11 ቀን አበዱ። አንዱ ላባ በአየር ላይ እፍ እያለ ይጫወታል። ሌላው ራቁቱን ጥግ ይዞ እንደ ዝንጀሮ ጥርሱን ያሳያል። እንዳይጎዱ ተዘጋባቸው። ሲመለሱ አንዳች ነገር አላስታወሱም። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሙቀት ብቻውን አእምሮን ያዳክማል?

ያዳክማል፤ ሁሉንም ሥራ እኩል ግን አይደለም። እጅ የለመደው ነገር ይቆያል። መሣሪያ ፈቶ መግጠም የለመደ ወታደር ላቡ ወደ ዓይኑ እየገባ ይገጥመዋል። ቶሎ የሚበላሸው ሌላ ነው፦ ለሰዓታት ምንም የማይሆንበትን ቦታ እያዩ ዘብ መቆም፣ ሁለት ነገር በአንዴ መያዝ፣ ያልለመዱትን ሒሳብ በጭንቅላት መሥራት። በዚያ ላይ የውሃ ጥም ሲጨመር ይብሳል።

የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሰውየው መዘባረቅ ሲጀምር ነገሩ የድካም ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ሙቀት መቶታል። አፋጣኝ ሕክምና ይፈልጋል።

ሁለቱ ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን ተጠንቷል?

ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር ማሳቹሴትስ ውስጥ ናቲክ በሚባል ቦታ ባለው የምርምር ተቋሙ ወታደሮችን ሙቅ ክፍል አስገብቶ 2 ሚሊግራም አትሮፒን ሰጥቶ ተመልክቷል። ሰውነት ላይ የታየው የሚጠበቀው ነው፤ ላብ ይቀንሳል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የውስጥ ሙቀት ከሌላው ጊዜ ፈጥኖ ይወጣል። አእምሮ ላይ የታየው ግን ሰው እንደሚጠብቀው ቀጥተኛ አይደለም። በዚህ መጠን መድኃኒቱ ብቻውን ጭንቅላትን ድብልቅልቅ አያደርግም። ይበልጥ ሰውን የጣለው ሙቀቱና ከመርዝ መከላከያው ወፍራም ልብስ ነው። ጭንብል፣ ጓንት፣ ቦት፣ ኮፍያ ሁሉ ተደፍኖ በሙቀት ውስጥ ለሰዓታት መቀመጥ በራሱ ሥራ ያስፈታል።

እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው። አትሮፒን የጭንቅላቱን ድስት በቀጥታ አይደፋም፤ ክዳኑን ይገጥማል። እሳቱ የሙቀቱ ነው። ክዳኑ ከተገጠመ እንፋሎት መውጫ የለውም፤ ያው ትንሽ እሳት አሁን ያገነፍላል። ስለዚህ «2 ሚሊግራም ምን ያደርገኛል» ለሚለኝ ወታደር ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የት ሆነህ ነው የምትወጋው? ጥላ ሥር ተቀምጠህ ነው ወይስ ሰላሳ ኪሎ ተሸክመህ?

እኛ ሰፈር ብርድ ነው። ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን?

ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ደጃችን ላይ ስለሆነ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ይወርዳል። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ሰመራ 500 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠዋት እዚህ ጋቢ ደርቦ ሻይ የጠጣ ሰው በዚያው ቀን ቆላ ገብቶ ይቀልጣል።

ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ቶሎ ማላብን፣ ብዙ ማላብን፣ ጨው መቆጠብን ይማራል። ለወር ፈቃድ ደጋ የከረመ ወታደር አብዛኛውን ልምድ እዚህ ጥሎት ነው የሚመለሰው። ጓደኞቹ ለምደዋል፣ እሱ አልለመደም። እሱ ራሱ ግን «እኔ እኮ የአፋር ሰው ሆኛለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት አደገኛ የሚሆነው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ላብ የሚያደርቅ ክኒን በዚያ ሳምንት ከጀመረማ ሰውነቱ ምኑን ይለምዳል?

ወታደር አይደለሁም፣ አትሮፒንም አልወሰድኩም። ሌላ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል?

ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። አትሮፒን የዘጋውን በር በከፊል የሚዘጉ ብዙ መድኃኒቶች አሉ፤ አብዛኞቹም ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰደው ክሎርፊኒራሚን። ዳይፈንሃይድራሚን። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ፕሮሜታዚን። ለነርቭ ሕመምና ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን። ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን ደግሞ ወደ አንጎል ብዙም አይገባም፤ ላብ ላይ ግን እጁ አለበት።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ወታደር መጣ። የሚመለስበት ቀን ደርሷል። «ዶክተር፣ አፌ እንጨት ሆነብኝ፣ የሚያረጥብ ነገር ስጪኝ» አለኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ባንኮኒ ጀርባ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ምን ትወስዳለህ ስለው ከፌስታል ሦስት ሽፍን ክኒን አውጥቶ ደረደረ። ክሎርፊኒራሚን ለማስነጠሱ፣ ሃዮሲን ለሆዱ፣ አሚትሪፕቲሊን ለጀርባው። ሦስቱንም የገዛው ከተለያየ ቦታ ነው፤ ማንም ሦስቱን ባንድ ላይ አላየለትም። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ያደርቃል፤ ሲደመሩ ትንሽ መሆናቸው ይቀራል። የሸጥኩለት ነገር የለም። ማስነጠሱን በማያስተኛ መድኃኒት እንዲቀይር ነገርኩት። ለሆዱና ለጀርባው ከመውረዱ በፊት ያዘዘለትን ሐኪም እንዲያይ አደረግኩ።

አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። መድኃኒቱ አፋችሁን ካደረቀ ላባችሁንም ሳይነካ አልቀረም ብላችሁ ገምቱ። ምራቅም ላብም የሚታዘዙት በአንድ መልእክተኛ ነው።

«የሚያስተኛ» እና «የማያስተኛ» የአለርጂ ክኒን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አሮጌዎቹ፣ እነ ክሎርፊኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን፣ አንጎል ውስጥ ይገባሉ። አዲሶቹ፣ እነ ሎራታዲንና ፌክሶፈናዲን፣ ብዙም አይገቡም። ሴቲሪዚን መሃል ላይ ነው፤ አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘዋል። ዋጋቸው ይለያያል። ለሹፌርና ለዘብ ግን የዋጋው ልዩነት ላይ ባትከራከሩ ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። 40 አለርጂ ያለባቸውን አሽከርካሪዎች በማስመሰያ መኪና ላይ አስቀመጡ። ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱት ሲነዱ፣ ደማቸው ውስጥ 0.1 በመቶ አልኮል ካለበት ጊዜ ይብስ ነበር። ፌክሶፈናዲን የወሰዱት መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት አልተለዩም። እኔን የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። «እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎኛል» ማለትና በትክክል ክፉኛ መንዳት አልተገናኙም። ያልደበተው ሰው ጭምር ይስታል። «እኔን አያስተኛኝም» የሚል ሹፌር ይሄን ስነግረው ይስቃል። ክኒኑን ግን ወደ ባንኮኒው ይመልሰዋል።

ብዙ ውሃ ብጠጣ አይካካስም?

ውሃ የሚያበርደው ላብ ሆኖ ሲወጣ ነው። የላቡ መንገድ ከተዘጋ የጠጣችሁት ውሃ ፊኛ ይሞላል እንጂ አያበርድም። እነዚህ መድኃኒቶች ሽንት ማውጣትንም ስለሚያስቸግሩ ሌላ ጣጣ ይጨመራል።

መድኃኒት ለማይወስደው ሰውም ልክ አለው። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጋት የደምን ጨው ያቀጥናል፤ ያም ራስ ምታት፣ ማስመለስና መወነባበድ ያመጣል። ሙቀት የመታው ይመስላል። ሰው ደግሞ «ውሃ አነሰው» ብሎ ይጨምርለታል።

ላቡ ለደረቀበት ሰው ውሃው ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ነው። ልብሱን አርጥቡት፣ አራግቡለት። ሰው ሠራሽ ላብ ነው።

ቡና ወይም ጫት ቢያነቃኝስ?

ቡና በልኩ ችግር የለውም። የለመደ ሰውን ውሃ ያሟጥጣል የሚባለውም የተጋነነ ነው። ጫት ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ የልብ ምት ይጨምራል፣ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፣ ድካምን ይደብቃል። አንድ ሰው ላብ የሚያደርቅ ክኒን ወስዶ፣ ጫት ቅሞ፣ ቀትር ላይ ሚሌ በረሃ ሲነዳ አስቡት። ነቅቷል። ግን የነቃው ሞተሩ ነው እንጂ መሪው አይደለም።

የነርቭ መርዝ ሳይኖር በስህተት መርፌውን ቢወጋስ?

በልምምድም በድንጋጤም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት እስራኤል ውስጥ ሚሳይል በወደቀ ቁጥር መርዝ መጣ ብለው አትሮፒን የወጉ ሰዎች ነበሩ። አንድ መርፌ ጤነኛ ጎልማሳን ብዙ ጊዜ አይገድልም። ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ከባድ ልብሱ ይውለቅ፣ ይርጠብ፣ ይራገብለት። ለሰዓታት ዘብ አይቁም፣ አይንዳ፣ መሣሪያም ባይሰጠው ይሻላል። ሁለተኛ መርፌ በጭራሽ። ከቃዠ፣ ካቃጠለው፣ ሽንት ከቸገረው ወደ ሆስፒታል። ሐኪም እጅ ላይ ማርከሻ አለ፣ ፋይሶስቲግሚን ይባላል፤ እሱንም ሐኪም ብቻ ነው የሚሰጠው።

መርዙ እውነት ከሆነስ? ያኔ ስለ ሙቀቱ አትጨነቁ። መርዙ በደቂቃዎች ይገድላል። ሙቀቱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ፀረ ተባይ የረጨ ሰው ፀሐይ ላይ ቢወድቅ፣ ሙቀት ነው ወይስ መርዝ?

ይሄ ከወታደሩ ጥያቄ ይልቅ የእኛን አካባቢ ይመለከታል። ከአቃቂ ወዲያ ጤፍና ምስር የሚያርሱ ገበሬዎች አሉ። በሆለታና በሰበታ በኩል የአበባ እርሻ አለ። እንደ ማላታይን ያሉት ፀረ ተባዮች የሳሪን ታናናሽ ወንድሞች ናቸው፤ የሚያስሩት ያንኑ ኢንዛይም ነው። ቀትር ላይ መርጫ ተሸክሞ የዋለ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሲንገዳገድ ቤተሰብ «ፀሐይ መታው» ይላል።

ዓይኑን እዩ። መርዝ ከሆነ ብሌኑ ብዙ ጊዜ የመርፌ ጫፍ ያህል ይጠባል። ምራቅና እንባ ይወርዳል፣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ጡንቻው እንደ መንቀጥቀጥ ይላል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። እርጥብ ነው። አትሮፒን ወይም አስተናግር የበዛበት ሰው ተቃራኒ ነው፤ ብሌኑ ሰፊ፣ ቆዳው ቀይና ደረቅ፣ አፉ የደረቀ። ሙቀት ብቻ የመታው ሰው ብሌኑ እንዲህ አይጠብም፣ አክታም አይጎርፍለትም።

ልብሱን አውልቁ፣ ሰውነቱን በሳሙናና ውሃ እጠቡ፣ እናንተም ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ። 907 ደውሉ፣ ወይም ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። አስተናግር ቀቅሎ ማጠጣት የሚለው ምክር እዚህ ሰፈር ሲነገር ሰምቻለሁ። አመክንዮው አይጠፋኝም፤ አትሮፒን አለበት። ግን አንዱ ቅጠል ከሌላው እጅግ የበለጠ ሊይዝ ይችላል። በእጅ ሚዛን የሚሰፈር ነገር አይደለም።

ላቡ እየወረደ ያለ ሰው ሙቀት አልመታውም ማለት ነው?

አይደለም። «ላቡ ከቆመ ነው የሚያሰጋው» የሚለው በየቦታው ይደጋገማል። ለአዛውንትና ላብ የሚያደርቅ መድኃኒት ለወሰደ ሰው ይሠራል። ሲሮጥ ወይም ጭነት ተሸክሞ ሲጓዝ የወደቀ ወጣት ወታደር ግን ላቡ እየወረደ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቆዳውን ከመንካት ይልቅ አናግሩት። ስሙን አትጠይቁት፤ ስሙን ሞቶም አይረሳም። ትናንት ማታ ምን እንደበላችሁ ጠይቁት። ከ20 ወደ ኋላ ይቁጠር። ካልያዘለት፣ ከተቆጣ፣ ከተሳደበ፣ ሰክሮ የሚመስል ከሆነ ሙቀት መቶታል ብላችሁ ተነሱ። ውሃ አፍስሱበት፣ በረዶ ካለ በረዶ። አንገቱ፣ ብብቱ፣ ብሽሽቱ። መጀመሪያ አብርዱት፣ ከዚያ አጓጉዙት። ፓራሲታሞል አይሠራም፤ ይህ ትኩሳት አይደለም።

በሐኪም የታዘዘልኝ የአእምሮ መድኃኒት ነው። ቆላ ስወርድ ላቁመው?

በራስህ አታቁም። ክሎርፕሮማዚንና መሰሎቹ፣ ከእነሱ ጋር የሚሰጠው ትራይሄክሲፈኒዲልም (ብዙ ሰው አርቴን በሚለው ስም ያውቀዋል)፣ በሙቀት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እውነት ነው። በድንገት የቆመ መድኃኒት ግን ከሙቀቱ በላይ ሊጎዳ ይችላል። ከመውረድ በፊት ሐኪምህን አግኝና የምትሄድበትን ቦታ በስሙ ንገረው። «ወደ ሥራ ልመለስ ነው» ማለት አይበቃም። «ሰመራ ነው፣ ውጭ ላይ ነው የምሠራው» በለው። መጠኑን ወይም ሰዓቱን ሊቀይርልህ ይችላል። ለግፊት የሚሰጡት ውሃ የሚያሸኑ ክኒኖችም እዚሁ ወገን ይገባሉ።

ደህንነት ከተሰማኝ ደህና አይደለሁም?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ትኩረትን የሚለካው ራሱ ትኩረት ነው። እሱ ሲደክም መለኪያውም አብሮ ይደክማል። ከአይዋዎቹ አሽከርካሪዎች እንቅልፍ ያልተሰማው ጭምር ይስት ነበር። የጀምስታውን ወታደሮች ከ11 ቀን በኋላ ምንም አላስታወሱም፤ ማለትም አንዳቸውም ቢጠየቁ «ደህና ነበርኩ» ሊሉ ይችሉ ነበር።

ስለዚህ ፍርዱን ለሌላ ሰው ስጡ። መድኃኒት የጀመረ ወታደር ለአጠገቡ ጓደኛው ይንገር፤ የክኒኑን ስም ባያውቅ እንኳ «አፍ የሚያደርቅ ነገር ወስጃለሁ፣ ዛሬ እየኝ» ይበል። ሹፌር ለረዳቱ ይንገር። ያ ሦስት ክኒን የደረደረው ልጅ ይህን ስነግረው አፈረ፤ «እንዲህ ብዬ ብነግራቸው ይስቁብኛል» አለ። እናቱ አብራው መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ስልኳን አወጣችና «የጓደኛህን ቁጥር ስጠኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ» አለችው።